የአየርላንድ ስሎው ኤር በኪቦርድና በሳክስፎን፦ ኖታው ልክ ሆኖ ዜማው ለምን ነፍስ ያጣል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አየርላንድ፣ ኮርክ ውስጥ ነው። ኪቦርድ እጫወታለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ አልቶ ሳክስፎን ይነፋል። የሥራ ባልደረባዬ የኬሪ ሰው ለነበሩት አባቱ በሚደረገው የሙት ዓመት ቅዳሴ ላይ አንድ ባህላዊ ስሎው ኤር (በዝግታ የሚሄድ የአየርላንድ ዜማ) እንድንጫወትለት ጠየቀን። ኖታ አወረድኩ፤ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርጌ፣ ከሥሩ የስትሪንግ ፓድ (ሳይቋረጥ የሚዘረጋ የአጃቢ ድምፅ) እና ቀለል ያለ ምት ጨምሬ ቀረጽኩት። አንድም የተሳሳተ ኖታ የለውም፤ ግን ነፍስ የለውም። ጥፋቱ የመሣሪያው ነው? የግድ የእነሱ ፓይፕ (በከረጢት አየር የሚጮኸው መሣሪያ) ያስፈልጋል? ዜማው ትዝታን ስለሚመስል በትዝታ ስልት ብንጫወተውስ? ምቱንስ እንዴት እናስገባው?»

ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም፤ የሜትሮኖሙ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ የፓዱ። ወንድምዎ ሳክስፎን ይዞ እያለ ፓይፕ የሚነፋ ሰው ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ሥራውን የጀመሩት ከኖታው ወረቀት ስለሆነ ግን፣ መሣሪያ ቢቀያይሩም የሚወጣው ያው ነው።

አብዛኞቹ ስሎው ኤሮች ቃል ያላቸው ዘፈኖች ናቸው። መሣሪያ ተጫዋቹ የዘፋኙን ቦታ ይይዝና ቃሉን በልቡ እያለ ዜማውን ብቻ ያሰማል። ዘፈኖቹ የሚዜሙበት ስልት ሻን ኖስ ይባላል፦ አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ አጃቢ፣ በአይሪሽ ቋንቋ። ዛሬም ጸንቶ ያለው ቋንቋው በሚነገርባቸው አካባቢዎች ነው፤ በምዕራብ ኮኔማራ፣ በሰሜን ምዕራብ ዶኔጋል፣ በደቡብ ምዕራብ ኬሪና እርስዎ ካሉበት ከኮርክ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለው ተራራማ አገር፣ እንዲሁም ዋተርፎርድ ውስጥ ያለችው ሪንግ። እዚያ ዘፋኙ ምት አይቆጥርም። የሚከተለው የግጥሙን አነጋገር ነው፤ ከበድ ያለው ክፍለ ቃል ላይ ይቆያል፣ ጥቃቅኖቹን ቃላት በወሬ ፍጥነት ያልፋቸዋል፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ሐረጉ መሀል ላይም ቢሆን ይተነፍሳል። አንዳንዶቹ የመጨረሻዋን ስንኝ ጭራሽ ማዜሙን ትተው እንደ ተራ ንግግር ብለዋት ይቀመጣሉ።

ይህን የሰማ ብዙ ሰው ወዲያው «እንግዲያው ምት የለውም» ይልና ሜትሮኖሙን አጥፍቶ እያንዳንዱን ኖታ እንዳሻው ማስረዘም ይጀምራል። ይህም ያው ስህተት ነው፤ እንዲያውም የባሰ፣ ምክንያቱም ሰሚው ስንኙ የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ይጠፋበታል። ዜማው ልክ አለው፤ ልኩ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። ቃሉን ሳያውቁ የሚደረግ ዝግታ ጨዋታውን ያላላል እንጂ አያሳዝንም።

ወረቀቱ ያሳሳተዎት በምክንያት ነው። በ1792 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቤልፋስት ላይ አሥር አየርላንዳውያን ሃርፕ ደርዳሪዎች ተሰብስበው ሲጫወቱ፣ ኤድዋርድ በንቲንግ የተባለ የ19 ዓመት ኦርጋን ተጫዋች ዜማቸውን በኖታ እንዲጽፍ ተቀጠረ። በ1796፣ በ1809 እና በ1840 ያሳተማቸው ጥራዞች ባይኖሩ ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር፤ ውለታው ትልቅ ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ የተዘጋጁት ሳሎናቸው ውስጥ ፒያኖ ላላቸው ገዢዎች ነበር። ስለዚህ ዜማው በእኩል ባር ተከፋፈለ፣ የፒያኖ ኮርድ ተበጀለት፣ ለጣት እንዲመችም ቁልፉ ተቀየረ። ከዚያ ቶማስ ሙር ከ1808 እስከ 1834 ባወጣቸው ቅጾች በነዚህ ዜማዎች ላይ የእንግሊዝኛ ግጥም ጻፈባቸው፤ መላው ዓለምም የአየርላንድን ዜማ በዚያ መልኩ ለመደው። ዛሬ በነፃ የሚወርደው አብዛኛው ኖታ የዚህ ልማድ ልጅ ነው። ባሩም፣ የአራት አራት ምቱም፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው ኮርድም የሳሎኑ ናቸው። ስለዚህ ወረቀቱን እንደ ማስታወሻ ይያዙት፤ የትኛው ድምፅ ከየትኛው እንደሚቀጥል ይነግርዎታል፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ግን አይነግርዎትም።

«የእነሱ መሣሪያ» የሚለው ሐሳብም መስተካከል አለበት። የአየርላንዱ ፓይፕ፣ ኢሊን ፓይፕ፣ ዛሬ የምናውቀውን ቅርጽ የያዘው በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቲን ዊስል የ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፋብሪካ ምርት ነው። የእንጨት ፍሉቱ የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ወደ አዲሱ አሠራር ሲሸጋገሩ የተዉት ነው። ባለ ክሩ ቡዙኪ ከግሪክ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። ሁሉም ሰው ከጥንት የተወረሰ የሚመስለው፣ ያ ወፍራምና ነፋስማ ድምፅ ያለው ሎው ዊስል እንኳ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በርናርድ ኦቨርተን የተባለ እንግሊዛዊ ለአየርላንዳዊው ፓይፕ ተጫዋች ለፊንባር ፊውሪ የሠራው ነው፤ ከኤሌክትሪክ ጊታር በዕድሜ ያንሳል። ስሎው ኤር በመጫወት እጅግ ከሚከበሩት ሰዎች አንዱ የክሌሩ ቶኒ ማክማን ነው፤ መሣሪያው አኮርዲዮን ነበር፣ ድምፁን ማጠፍ የማይችል፣ የእያንዳንዱ ድምፅ ከፍታ አስቀድሞ የተወሰነ መሣሪያ። ከሻን ኖስ ዘፋኞች የተማረውን አነጋገር በአኮርዲዮኑ ወናፍ ትንፋሽ ውስጥ አስገባው።

እርስዎ ያስገቡት ፓድ የመጣበትን መንገድ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ የሚመስለው እሱ ነውና። የዶኔጋሉ የቤተሰብ ቡድን ክላናድ በ1982 ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ በሠራው ዘፈን የተደራረበ የሰው ድምፅን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ በብሪታንያ ሠንጠረዥ 5ኛ ደረሰ። ከዚያው ቡድን የወጣችው ኤንያ በ1988 ይህን ድምፅ ወደ ዓለም ሁሉ አደረሰችው። ሥራዎቹ ግሩም ናቸው፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን አዳዲስ ድርሰቶች ናቸው፤ ለዚያ ድምፅ ተብለው የተደረሱ። ለብቻው እንዲቆም የተሠራን አሮጌ ዜማ በዚያ ጉም ውስጥ ሲያስገቡት ጠርዙ ይጠፋል። በተለይ የሚጠፋው በስንኝና በስንኝ መካከል ያለው ዝምታ ነው፤ ፓዱም ሪቨርቡም (ሰው ሠራሽ ማስተጋቢያው) ዝምታውን ይሞሉታል።

ከፓዱ ጋር የሚመጣው ሁለተኛ ችግር ኮርዱ ነው። ከእነዚህ ዜማዎች ብዙዎቹ ሜጀርም ማይነርም አይደሉም። ሰባተኛው ድምፅ ዝቅ ያለ ይሆናል፤ አንዳንድ ጊዜ በአንዱ ስንኝ ዝቅ ብሎ በሌላው ከፍ ይላል። ሜጀር ነው ብለው የተለመደውን መዝጊያ ኮርድ ሲያስገቡ ዜማውን ወደማያውቀው ቤት እየጎተቱት ነው። ነገሩ ደግሞ ከዚያም ይረቅቃል፤ በፓይፕና በድሮ ዘፋኞች ላይ ያ ሰባተኛ ድምፅ፣ በዲ ሲጫወቱ ሲ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በፒያኖው ሲ ናቹራልና በሲ ሻርፕ መካከል ነው። ፒያኖ ላይ ያ ድምፅ የለም። ኪቦርድዎ ስኬል ቱን የሚባለው ማስተካከያ ካለው (ለአረብ ቅኝት ተብሎ በብዙ የያማሃና የኮርግ ሞዴሎች ላይ ይገኛል) ሲ ናቹራሉን በ20 ሴንት ያህል (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ከፍ አድርገው ይጀምሩና ከዘፋኙ ቅጂ ጋር እያስተያዩ በጆሮ ያስተካክሉት። ከሌለው ግን ያን ድምፅ ለሳክስፎኑ ይተዉለት፤ ወንድምዎ በከንፈሩ ያገኘዋል።

ስለ ትዝታ፦ ጆሮዎ የሰማው ነገር አለ፤ አልተሳሳተም። አንዳንድ ስሎው ኤሮች ድምፅ እየዘለሉ ስለሚሄዱ በተለይ አጀማመራቸው ላይ ለትዝታ ሜጀር የቀረቡ ይመስላሉ። ሆኖም አብዛኞቹ ስድስት ወይም ሰባት ድምፅ ይጠቀማሉ፤ ዜማው የሚዞርበትም እነዚያ የተጨመሩት ላይ ነው። በትዝታ ስልት ቢያሽሞነሙኑት ደስ የሚል ሌላ ሙዚቃ ያገኛሉ፤ የኬሪ ቤተሰብ ግን የአባቱን ዜማ አያገኝም። ለመድረክ ሥራ ሞክሩት፣ ለሙት ዓመት ቅዳሴ ግን አይሆንም። ከኛ ቤት ሊወስዱት የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ መሰንቆ ተጫዋች የሚያዜመውን ሰው እንዴት እንደሚከተል። ቃሉን ይጠብቃል፣ አይቀድምም፣ ስንኙ ሲያልቅ ይመልሳል። ያን የማድመጥ ልማድ ይዘው ይግቡ፤ ማስጌጫውን ግን እዚያው ይተዉት።

ማስጌጫን ካነሳን አይቀር፣ ዊስልና ፓይፕ ላይ የምትሰሟቸውን ፈጣን ጭረቶች ኪቦርድ ላይ እንዳሉ መገልበጥ ትርጉም የለውም። ፓይፕ የማያቋርጥ አየር ያለው መሣሪያ ነው፤ አንድ ዓይነት ድምፅ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም ለመለየት ተጫዋቹ መሀሉ ላይ ጣቱን ብልጭ ያደርጋል። ኪቦርድ ላይ ቁልፉን ደግሞ መንካት በቂ ስለሆነ ያ ጌጥ ሥራ አይኖረውም፤ ትርፍ ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጌጥ ሲሰሙ ሥራው ምን እንደሆነ ይጠይቁ፦ ድምፅ ለመለየት ነው? ቃሉን ለማክበድ ነው? ወይስ ዘፋኙ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር በመንገድ ላይ ያሉትን እየዳሰሰ ነው? ሦስተኛው ብቻ ነው በማንኛውም መሣሪያ ላይ የግድ መኖር ያለበት። እሱም ቢሆን በሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው መለየት አለበት፤ ሻን ኖስ ዘፋኝ አንድን ስንኝ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ አይዘፍነውም።

አሁን ወደ መሣሪያ ምርጫዎቹ። ፒያኖ ድምፁ እንደተመታ መሞት ይጀምራል፣ አይታጠፍምም፤ ሆኖም ይቻላል። ሚሆል ኦ ሱሊቫን (1950–2018) ዕድሜውን በሙሉ በፒያኖ ሠርቶበታል። ዘ ግሎሚንግ የሚባለው ቡድን ውስጥ ደግሞ አሜሪካዊው ቶማስ ባርትሌት ከማርቲን ሄይስ ፊድልና ከኢየርላ ኦ ሊናርድ ሻን ኖስ ድምፅ ሥር እንዴት ጥቂት እንደሚነካ ይስሙ፤ ብዙውን ጊዜ የሚጫወተው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ነው፣ ከዚያ እስኪጠፋ ይጠብቃል። ኤሌክትሪክ ጊታር በድምፅ ፔዳል ወይም በኢቦው (ክሩን ሳይመቱት በሚያስጮኸው መሣሪያ) ረጅሙን ድምፅ ይይዛል፣ ይታጠፋል፤ ጥሩ ምርጫ ነው። ኦርኬስትራም ተሞክሯል፦ አየርላንዳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሾን ኦ ሪያዳ በ1959 ለ«ሚሸ ኤሪ» ፊልም አሮጌ ዜማዎችን በሆርንና በቫዮሊኖች አሰምቶ የአንድ ትውልድን ጆሮ ቀይሯል። እሱው ራሱ ግን ብዙ ሳይቆይ ፊቱን ወደ ፓይፕ፣ ፊድልና ዊስል አዙሮ ሌላ ስብስብ መሠረተ፤ መሀላቸው ላይ የተቀመጠበት ሃርፕሲኮርድ የጥንቱን የብረት ክር ሃርፕ ድምፅ ያስታውሰው ነበር። የፓይፕ ሳምፕል ያለበትን ሶፍትዌር አልመክርም። ድምፁ እውነተኛ ቢሆንም አንዱ ኖታ ከሌላው ጋር የሚያያዝበት መንገድ የለውም፤ ፓይፕ ሲሰማ ያደገ ሰውም በመጀመሪያው ሐረግ ይለየዋል።

ሳክስፎን ከሁሉም ይሻላል፤ ትንፋሽ አለው፣ ድምፁ ይታጠፋል፣ ዘፋኙ የሚያርፍበት ቦታ እሱም ማረፍ አለበት። በ1981 የተመሠረተው የአየርላንድ ቡድን ሙቪንግ ሃርትስ የዴቪ ስፒላንን ፓይፕ ከኪት ዶናልድ ሳክስፎን ጋር ስላሰለፈ ለአየርላንድ ጆሮም እንግዳ አይደለም። ወንድምዎ መጠንቀቅ ያለበት ሁለት ልማድ አለ። አንዱ እያንዳንዱን ረጅም ድምፅ ከሥሩ እየሳቡ መጀመር ነው፣ የጃዝ ባላድ ልማድ፤ ሌላው የማያቋርጥ ማርገብገብ። ሻን ኖስ ዘፋኝ ድምፁን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ለማሳዘን ብሎም ድምፁን አያጎላም፣ አያሳንስም።

ምቱን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፦ አያስገቡ። ሰዎቹ ራሳቸው ምት ሲያምራቸው ስሎው ኤሩን እስከ መጨረሻው ተጫውተው ሳያቋርጡ ወደ ሪል ወይም ወደ ጂግ (ፈጣን የጭፈራ ዜማ) ይሻገራሉ፤ ዜማው ላይ ከበሮ አይጭኑበትም። በ1996 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው አፍሮ ኬልት ሳውንድ ሲስተም የተባለው ቡድን የኢየርላ ኦ ሊናርድን ድምፅ ከኮምፒዩተር ምት ጋር አስኪዶታል። ልብ ብለው ቢሰሙት ግን ዘፋኙ ለምቱ አይገዛም፤ ከላዩ እንደ ልቡ ይሄዳል። ያን ለማድረግ ዜማውን ከልጅነት ጀምሮ ማወቅ ይጠይቃል፤ ለቅዳሴ ደግሞ ጭራሽ ቦታው አይደለም።

እንዲያደርጉ የምመክረው ይህን ነው። ሟቹ የኬሪ ሰው ከነበሩ «አውራን ና ላውር»፣ የመጻሕፍቱ ዘፈን የሚባለውን ይያዙ። የኬሪው ገጣሚና መምህር ቶማስ ሩዋ ኦ ሱሊቫን (1785–1848) ከዴሪናን ወደ ፖርትማጊ ሲዛወር መጻሕፍቱን የጫነችው ጀልባ ከዓለት ተጋጭታ ሰጠመች፤ ዘፈኑ የጠፉትን መጻሕፍት እየዘረዘረ የሚያለቅስ ነው። ታሪኩን የማያውቅ ተጫዋች የፍቅር ዘፈን ያደርገዋል፤ የሚያውቅ ግን ዝርዝሩ ላይ ሲደርስ አያስረዝምም፣ እንደሚቆጥር ሰው ይሄዳል። ለቤተሰቡ ግን ምርጫውን አስቀድመው ይንገሩ፤ አባትየው የሚወዱት ሌላ ዜማ ካለ የእሳቸው ይቅደም፤ በዚያን ጊዜም መጀመሪያ ቃሉን ያግኙ። ዜማቸው እያሳዘነ ግጥማቸው የመጠጥ ወይም የፖለቲካ የሆነ ስሎው ኤሮች አሉ።

ከዚያ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዘፋኞች ሲዘፍኑት ይስሙ፤ የመሣሪያ ቅጂ ለጊዜው ይቆይ። ደብሊን ውስጥ በ1987 የተቋቋመው የአየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ማኅደር ለማንም ክፍት ነው፤ የከተማዎ የኮርክ ዩኒቨርሲቲም ኦ ሪያዳ ያስተማረበትና ዛሬም ይህ ሙዚቃ የሚሰጥበት ነው። ባልደረባዎ ወይም ዘመዱ ግጥሙን በተራ አነጋገር ሲያነብ በስልክ ይቅረጹት። አንባቢው የደቡብ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ በኬሪና በኮርክ አነጋገር ጫናው ረጅም አናባቢ ወዳለበት ወደ ሁለተኛው ክፍለ ቃል ይሳባል፣ በኮኔማራና በዶኔጋል ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ ይቀራል፤ ዜማው የሚከብድበትን ቦታ የሚወስነው ይኸው ነው። ወንድምዎ ግጥሙን እያንጎራጎረ ሳያጠና ሳክስፎኑን አያንሳ።

ሲጫወቱት ዜማውን ሳክስፎኑ ብቻ ይያዝ። እርስዎ ኪቦርዱ ላይ ሁለት ድምፅ ብቻ ይያዙ፦ መነሻውንና አምስተኛውን፣ ሦስተኛውን ሳይጨምሩ። የፓይፕ የታች ድምፆች የሚይዙት መነሻውን ብቻ ቢሆንም ሥራቸው ይኸው ነው፤ ዜማው ከመጀመሩ በፊት ይገባሉ፣ ሜጀር ወይም ማይነር ብለው ዜማውን አያስገድዱትም። ድምፁን ከስትሪንግ ወደ ሃርሞኒየም ወይም ቀላል ኦርጋን ይለውጡ፣ ማርገብገቢያውን ያጥፉ፣ ከሳክስፎኑ በጣም ዝቅ ያድርጉት። በሁለተኛው ዙር አንድ ስንኝ ላይ ጨርሶ ቢያቆሙ አይፍሩ። ቁልፉን በተመለከተ፣ አብሯችሁ ዊስል ወይም ፓይፕ የሚነፋ ሰው ከሌለ ዲ ላይ መቆየት የለባችሁም፤ የኪቦርዱ ዲ ለአልቶ ሳክስፎን አምስት ሻርፕ ያለበት ቢ ይሆናል። ኪቦርዱን ኤፍ ላይ ያድርጉት፤ ወንድምዎ በሚቀለው በዲ ይነፋል። ያን ጊዜ ሲ አምስተኛው ድምፅ ስለሚሆን በስኬል ቱን ከፍ አድርገውት ከነበረ ይመልሱት። ሁለት ዙር ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚመቸው ከቁርባን በኋላ ያለው ጸጥታ ነው፤ ከቄሱ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ቤተ ክርስቲያኑ የራሱ ማስተጋቢያ ስላለው ሪቨርቡን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ።

ቅጂውን በኢንተርኔት ልታወጡት ካሰባችሁ ደግሞ ባህላዊ የሚመስለው ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዳልሆነ ልብ በሉ። «ምና ና ኤረን» የሚባለው ታዋቂ ዜማ ግጥሙ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ዜማውን የደረሰው ግን በ1971 የሞተው ኦ ሪያዳ ስለሆነ በአውሮፓ ሕግ መብቱ እስከ 2041 መጨረሻ ይቆያል። ከአንድ ቡድን አልበም የሰሙትን አጃቢ እንዳለ መቅዳትም፣ ዜማው የቱንም ያህል አሮጌ ቢሆን፣ ፈቃድ ይጠይቃል። አሮጌ ዜማን ከዘፋኝ በጆሮ ተምረው በሁለት ድምፅ ብቻ ያጀቡት የራስዎ ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ወንድምዎ እስከዚያ ቀን ካልደረሰለት ዜማውን እርስዎ በሃርሞኒየሙ ድምፅ፣ በአንድ እጅ፣ ያለ ምንም አጃቢ ይጫወቱት፤ ፓዱን ግን አይመልሱት።